የማዶው ክትር

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? አማትሽን ያ ሳል ለቀቃቸው? ባልሽ ሊያንደርስ ጎኑን አልጋ ላይ ያሳርፋል ወይስ እሱም እንደኛዎቹ ወንዶች ወንዙን የሚያግደው ክትር ላይ ቆሞ ነው የሚያንጎላጀው? ስለ እኛ የጠየቅሽ እንደሆነ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ብሎ መጻፍ ወጉ ነበር። ወጉን ለዛሬ ተይልኝ። እማማ ትበላለች፣ ትጠጣለች፤ አንድ ቀን ታውቀናለች፣ አንድ ቀን ደግሞ «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» ትለናለች። ላሞቹን ኮረብታው ላይ አውጥተናል። ቤቱም እስካሁን ቆሟል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ በሰም ወረቀት ጠቅልዬ ከምልክልሽ ኬክ ስር፣ ቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። በሆዳምነትሽ ተማምኜ ነው። ሌላ ሰው ኬክ ሲላክለት ለእሁድ ያቆያል፤ አንቺ ግን ኬኩን የሚያደርስልሽ ዶክተር መኪናውን ሳያዞር ቢላዋ ታነሻለሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ የኛ መስመር የመንደሩ ሁሉ መስመር ነው፤ እኔ መነጋገሪያውን ሳነሳ ከብሩኒንግ ሱቅ ጀምሮ እስከ እህል ጎተራው ድረስ ሁሉም ጆሮውን ይለጥፋል። የማሻገሪያው ጀልባ ታስሯል። ዶክተር ፕሪቸርድ ብቻ ነው በላይኛው ድልድይ ዞሮ ሁለቱን ዳር የሚያየው። እሱንም ቢሆን ጠባቂዎቹ የሚያሳልፉት ስለ ውኃው ከወዲያ ወዲህ ወሬ ላያመላልስ በሁለቱም ወገን ፊት ስለማለ ነው። ደብዳቤ በእጁ ብሰጠው አይቀበለኝም። ኬክ ግን ያደርሳል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ። ልጆቹንና አማትሽን ይዘሽ ዛሬውኑ ከቤት ውጪ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። ወደ ባቡር ሐዲዱ ጉብታ፣ ወይም ከዚያ ወዲያ ወዳለው የሊያንደር አጎት ቤት ሂዱ። ዕቃ አትጫኚ። ልብስ እንኳን አትያዢ።

አሁን አፍንጫሽን እንደነፋሽ አውቃለሁ። «ሴት ጓዟን ከጫነች ክትሩም ይከተላታል» እያሉ ነው ያሳደጉን፤ በእናንተም በኩል ይህንኑ ነው የሚሉት። ያቺ ምስኪን አይዳ አንድ ዓመት ጎርፍ ሲመጣ ፒያኖዋን ኮረብታ ላይ ስላወጣች፣ እስከ ዛሬ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ወንዶቹ አግዳሚው ላይ በጣታቸው ፒያኖ ይመቱባታል። ክትሩ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ብልህ ሴት ትባል ነበር። አልፈረሰምና መሳቂያ ሆና ቀረች። አንቺም ከሁሉም ቀድመሽ የሸሸሽ ላለመባል የመጨረሻዋ እንደምትሆኚ አውቃለሁ፤ ይህን ኩራትሽን ከማን እንደወረስሽው ስለማውቅ ነው የምለምንሽ። ይሳቁብሽ። ይሳቁብሽ፣ ልጆችሽ ይኑሩ።

ወንዙ ከክትራችን አናት ክንድ አይቀረው። ከክትሩ ጀርባ፣ ከነብሩኒንግ ማሳ ላይ፣ ውኃ ከአሸዋ ጋር እየተንፈቀፈቀ መፍለቅ ጀምሯል፤ ወንዶቹ በአሸዋ ከረጢት ዙሪያውን ያጥሩታል፣ አንዱን አጥረው ቀና ሳይሉ ሌላው ይፈልቃል። ሁሉም ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ነው። ሰው ከሰው አይነጋገርም። ማታ ማታ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች ክትሩ ላይ ይመላለሳሉ፣ ከማዶ ሰው መጥቶ እንዳይቆርጥብን። የእናንተም ሰዎች ይህንኑ እንደሚያደርጉ እዚህ ሁሉም ያውቃል፤ ሲመሽ የሚጠጋ ጀልባ ማን ነህ ሳይባል ይተኮስበታል። አንዱ ዳር ከፈረሰ ሌላው ዳር እንደሚተርፍ ሁለታችንም እናውቃለንና።

የሚገርመኝ አያቶቻችን ከአንድ መርከብ የወረዱ መሆናቸው ነው። ግማሾቹ እዚህ ዌንደል ሰፈሩ፣ ግማሾቹ የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻግረው እናንተ ጋ ኮተንውድ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ እየተሻገሩ ካርታ ይጫወቱ፣ ይሰክሩ፣ ይዋለዱ ነበር። ክትር መሥራት ከመጣ ወዲህ ግን እናንተ አንድ ክንድ ስትጨምሩ እኛ አንድ ክንድ እንጨምራለን፣ እኛ ስንጨምር እናንተ ትጨምራላችሁ። ውኃው የት ይሂድ ብሎ የጠየቀ የለም። እኛስ ከኋላችን ኮረብታው አለ። ደወሉ ሲደወል ሮጠን ብንወጣ ቤታችንን፣ ቤተ ክርስቲያናችንን፣ የዘራነውን በቆሎ ነው የምናጣው። እናንተ ግን እስከ ሐዲዱ ድረስ የተዘረጋ ሜዳ ነው ያላችሁ፣ የአንቺ ቤት ደግሞ ከክትሩ ግርጌ ነው። የእናንተ ክትር ከተደረመሰ ውኃው ከደወል ድምፅ ቀድሞ በርሽ ላይ ይደርሳል።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። ትናንት ወንዶቹ ቤተ ክርስቲያኑ ስር ባለው አዳራሽ ተሰበሰቡ። እኛ ሴቶቹ ከጎን ካለው ማድ ቤት ለክትሩ ሰዎች ዳቦና የአሳማ ሥጋ እያሰናዳን ነበር። በመካከላችን ያለው ሳንቃ ስስ መሆኑን ታውቂዋለሽ፤ በልጅነታችን የወንዶቹን ተረብ የምንሰማበት ሳንቃ ነው። አባ ክሌመንስ አልነበሩም፣ በሽተኛ አለ ተብለው ኮረብታው ላይ ተጠርተው ነበር። በሽተኛው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ማንም አላወቀም።

ባለሱቁ ቴዎዶር ብሩኒንግ፣ የክትሩ ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆነ፣ እሱ ነው የጀመረው። «ያኔ አባቶቻችን ተሳሉ፣ እግዚአብሔርም ሰማቸው። እኛስ እንደነሱ ስእለት ብናነሳ ምን ይመስላችኋል?» አለ። አንዱ ከኋላ ሆኖ «ስእለቱን ማን ይዞት ይሻገራል?» ሲል ጥቂቶቹ ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ አቆሙ። ቴዎዶር አልሳቀም። «ለጉቶ መንቀያ ያመጣሁት ድማሚት እንደተቀመጠ ነው፣ ዘንድሮ ማን ጉቶ ይነቅላል?» አለ። ቀጥሎም «የሚያውቅበት ሰው ነው የምንፈልገው» አለ። የማንንም ስም አልጠራም። ወንበሮቹ ግን ሲንቋቁ ሰማሁ፣ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሮ ነበር።

ወደ ልጄ ወደ ኖርበርት ነው የዞሩት። ጦርነቱ ላይ ድልድይ ያፈርስ የነበረ ሌላ ማን አለን? ልጄ «እሺ» አለ። ወንበር አቀብለኝ የተባለ ያህል ነው እሺ ያለው። ባሌ አልፎንስ እዚያው ነበር፤ አባቱ ነው፣ የክትሩም አለቃ ነው። ድምፁን እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጠፍኩ። አልሰማሁትም። ከዚያ አርብ ሲመሽ ተባለና ተነሡ። አርብ ነገ ነው፤ የሚፈርሰውም የእናንተ ክትር ነው።

ማድ ቤት ውስጥ አንዷም ሴት ቀና ብላ አላየችኝም። ሁላችንም ነው የሰማነው። የቴዎዶር ሚስት ሚና የሰናፍጩን ብልቃጥ እያንኳኳች «ይሄ አለቀ፣ ከቤት ሌላ ላምጣ እንዴ?» አለች። አንዷ «አምጪ» አለቻት። እኔም ቅቤ መቀባቴን አላቆምኩም። እህቴ፣ ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፣ ግን አላቆምኩም። ያ ሁሉ ዳቦ አልቆ ትሪው ተሸፍኖ እስኪወጣ ድረስ ቅቤ ስቀባ ነበር።

ስእለቱን አንቺም እንደኔው ነው የምታውቂው። ስእለቱ በተገባበት በዚያ የጎርፍ ዓመት አንቺ ገና አልተወለድሽም፣ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኮ «ካተረፍሽን በየዓመቱ በክትሩ ላይ ተሸክመንሽ እንዞራለን» ብሎ ለማርያም ተሳለ። ጠዋት ስንነሳ ወንዙ እንደ ገበታ ውኃ ተደፍቶ ጎድሎ ነበር፤ የማዶው ክትር ተደርምሶ። ሰው ሁሉ ተአምር ነው እያለ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ቀን ሥራ የለም፤ ምስሏን ተሸክመን ክትሩን እንዞራለን፣ ልብሳችን ነጭ፣ ጫማችን ጭቃ። ከዚያ ቋሊማው፣ ቢራው፣ የኳስ ግጥሚያው። ከዓመቱ በዓላት ሁሉ አንቺ ይህንን ነበር የምትወጂው፣ ማዶ እስክታገቢ ድረስ።

ባገባሽ በዓመቱ ለስእለቱ መጥተሽ ማዕድ ላይ ያልሽውን ታስታውሻለሽ። አማትሽ ስትወጪ በር ላይ ቆመው «ሂጂ፣ እኛን ስላሰመጠላችሁ እግዚአብሔርን አመስግኑት» እንዳሉሽ ነገርሽን። ማዶ ያለ ሕፃን ሁሉ ክትሩን የሰው እጅ እንደቆረጠው ያውቃል፣ የሊያንደር ታላቅ እህት ሬሳ በሦስተኛው ቀን ዛፍ ላይ ነው የተገኘው አልሽ። እማማ ተነሥታ ወጣች። አባባ ሳህኑን ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። አባባ ግን ስእለቱን አንድ ጊዜ እንኳን ዞሮ እንደማያውቅ አስተውለሻል? ሁልጊዜ ጉልበቴን ይል ነበር። ሁላችን ክትሩ ላይ ስንዘምር እሱ ከጎተራው ጀርባ ተቀምጦ የፈረስ ዕቃ ይጠግን ነበር። በአንቺ ሠርግ ላይ ሙዚቀኞቹ እስኪደክማቸው የጨፈረው ግን በዚያው ጉልበቱ ነው። ስቀንበት ነበር እኮ ያኔ።

ትናንት ሊመሻሽ ሲል ኖርበርት ከክትሩ ተመለሰ። እስከ ወገቡ ረጥቧል፣ ልብሱ አሸዋ ነው። እማማ መስኮቱ ጋ ተወዛዋዥ ወንበሯ ላይ ነበረች። ቀና ብላ አየችውና በአባባ ስም ጠራችው። «ኸርማን፣ እዚሁ አውልቀው፣ አሸዋውን ልጅቷ እንዳታየው» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ኖርበርት ቆመ። እሷ ደግሞ ተነሥታ ሄዳ በሽርጧ ፊቱን መጥረግ ጀመረች። «በቃ ተኛ። የሰማኸው የሕፃን ድምፅ አይደለም፣ ንፋስ ነው» አለችው። እንደመቆጣትም ብላ «ንፋስ ነው አልኩህ እኮ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አለችው።

እኔ ምድጃው አጠገብ ነበርኩ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ኖርበርት የአያቱን እጅ ያዘና «እሺ፣ ንፋስ ነው» አላት። ወደ ወንበሯ መልሶ አስቀመጣት፣ እንቅልፍ እስኪወስዳትም በረጠበ ልብሱ እግሯ ስር ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

እህቴ፣ አሸዋውን እንዳታይ የተባለችው ልጅ እኔ ነኝ። የማዶው ክትር የፈረሰባት ያቺ ጠዋት ትዝ ትለኛለች። ከእንቅልፌ ስነሳ እማማ ወለሉን ስትጠርግ ነበር፣ ደስ ብሏት ነው ብዬ ነበር።

ኖርበርት ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ አዎና አይ ከማለት በቀር እንደማይናገር በየደብዳቤው ሳለቅስልሽ ነበር። ዛሬ ቁርስ ላይ ተናገረ። ለኔ ሳይሆን ለእንቁላሉ የሚናገር ነበር የሚመስለው፣ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። በዓሣ አጥማጁ ጀልባ ነው የምንሄደው አለ። ሞተር አናስነሳም፣ ወንዙ መሐል ካለው ደሴት ዛፎች ስር ለቅቀነው የውኃው ፍሰት ራሱ ይወስደናል አለ። የምንወርደው ከአክስቴ ግጦሽ በታች፣ ከውኃ መሳቢያው ቤት አጠገብ ነው አለ። «ክትሩ እዚያ ጋ ስስ ነው። ውስጡን የውኃ አይጥ ቦርቡሮታል፣ አጎቴ ነው ያሳየኝ» አለ። ሁለቱ ጀልባው ላይ ይቀራሉ፣ የምወርደው እኔ ብቻዬን ነኝ አለ። ከዚያ ዳቦውን ቆረሰና «ከውኃ መሳቢያው ቤት አጠገብ ነው» ብሎ ደገመልኝ።

ከዚያ ጠየቀኝ። «የአክስቴ ልጆች አሁንም ምድር ቤት ነው የሚተኙት?» አለኝ። ትንሿ ደረጃ ስለምትፈራ አዎ አልኩት። መብላቱን አቆመ። ተነሣና መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀትና ቀለም አወጣ፣ ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጠው። «ዶክተሩ ዛሬ አያቴን ሊያይ ይመጣል አይደል?» አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ልጄ ወረቀት አቀብሎኝ አያውቅም። በልጅነቱም ቢሆን ጻፍ ስንለው የሚደበቅ ልጅ ነበር።

እዚህ ላይ ሳለሁ አልፎንስ መጣና አቋረጥኩ። ወረቀቱን ከሊጡ ሰሌዳ ስር ነው የሸሸግኩት፣ ዱቄት ያየሽበት ለዚህ ነው። ቦቲውን ሳያወልቅ ገባ። ይህን ያህል ዓመት በኖርንበት ቤት አድርጎት አያውቅም። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጢሙ አድጓል። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ እያየ «ለእህትሽ እንዳትጽፊላት» አለኝ። «ማዶ ከተሰማ ጠመንጃ ደግነው ነው የሚጠብቁት። አሁን ያወራ ሰው ልጃችንን በገዛ እጁ ገደለው ማለት ነው» አለኝ።

ትናንት ወደ ኖርበርት ሲዞሩ አንተ ምን አልክ አልኩት። «ምን ልበል? የሁሉም ሰው ቤት እኮ ነው» አለኝ። የእህቴስ ቤት አልኩት። «እስከዚያ ሸሽተው ይሆናል» አለ። «ሴት ጓዟን ከጫነች ክትሩ ይከተላታል ስትል የኖርከው አንተ አይደለህም?» አልኩት። ቡናውን ቆሞ ጠጣ። ሊወጣ ሲል ኬኩን አየና «ለማን ነው?» አለኝ። «ለዶክተሩ» አልኩት። «ጥሩ አደረግሽ፣ ደክሞታል» አለና ወጣ። አልፎንስ ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቂዋለሽ። ፈርቷል። የፈራ ሰው መንደር ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ግን ትናንት አየሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ምክንያቱን ልነግርሽ አላሰብኩም ነበር። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ ብዬ፣ የሆነ በሽታ ወይ ሕልም ፈጥሬ ላበቃ ነበር። ብነግርሽ ለሊያንደር ትነግሪዋለሽ፣ ሊያንደር ለጠባቂዎቹ ይነግራል፣ ጠባቂዎቹ ልጄን ይገድሉታል። ዝም ብልሽ ደግሞ አትወጪም፣ አውቅሻለሁ። ብትወጪም ጎረቤትሽ ያለችው ሴትዮ ልጆች አሉ፣ ሐዲዱ ድረስ ያሉት ቤቶች ሁሉ ልጆች አሏቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሊጡን እያቦካሁ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ስል ዋልኩ። አንዱን ባድን ሌላው ይሞትብኛል።

ግን እማማን ሳያት ሌላ ነገር መጣብኝ። ሁሉም ነገር እነሱ እንዳሉት ቢሆንና ኖርበርት ሳይነካ ቢመለስስ? ረጥቦ፣ አሸዋ ለብሶ በዚያ በር ይገባል። እኔም ወለሉን እጠርጋለሁ። ንፋስ ነው እለዋለሁ። እሱም እሺ ይለኛል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ምስሏን ተሸክመን ስንዞር እሱ ጎተራው ጀርባ ይቀመጣል። ልጄን ከጥይት ባተርፈው ከዚህ ላተርፈው አልችልም።

ስለዚህ ለሊያንደር ንገሪው። ለእሱ ብቻ ንገሪው፣ ለወንድሞቹ አይደለም፣ ለእናቱም አይደለም፤ እሳቸው ልጃቸውን ዛፍ ላይ ያገኙ ሴት ናቸው፣ ምሕረት ልጠይቃቸው አልችልም። ነገ ሲመሽ የውኃ መሳቢያውን ቤት ጥበቃ እሱ ይያዘው። ግጦሹ የራሱ ነው፣ ልጠብቅ ቢል ማንም አይጠረጥረውም። አብሮት የሚቆመውን ሰው በሆነ ዘዴ ወደ ላይኛው ጫፍ ይላከው። ኖርበርትን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፣ ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው፤ ዋናም ያስተማረው እዚያው ከግጦሹ በታች ነው። ጠመንጃውን ቤት ይተው ልልሽ ነበር። ግን እሱም የልጆች አባት ነው፣ ክትሩም የእሱ ክትር ነው፣ ይህን የምጠይቅ እኔ ማን ነኝ? አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው። ከመተኮሱ በፊት ይጥራው። በዚያ በልጅነት ስሙ፣ ኖቢ ብሎ ይጥራው።

እጁን ሲያነሳ ቤት አስገቡት። ደረቅ ልብስ ስጡት፣ የሚበላ ስጡት። ወደዚህ አትመልሱት። ነገ ማታ ጀልባው ያለ እሱ ሲመለስ ዌንደል ውስጥ ማን እንደተናገረ ለማወቅ ብዙ አይፈጅባቸውም፣ እሱን ግን ያኔ ዓይናቸው እንዲያገኘው አልፈልግም። ስለ እኔ አታስቢ። አልፎንስም ሲገባው ይገባዋል፣ ካልገባውም እንዳልገባው ይኖራል። ስለ ክትራችንም አትጨነቂ። ከያዘ ያዘ፤ ካልያዘ ደወሉ ሲደወል እማማን ደግፌ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። ለእኛ አምላክ ኮረብታ ሰጥቶናል፤ ቤት ደግሞ ይሠራል።

ኖርበርት ሲጠራ ይቆማል። ቦታውን ሁለት ጊዜ የነገረኝ ልጅ ይቆማል ብዬ አምናለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ራሴን የማጽናናው በዚህ ነው። ግን ደግሞ ከጦርነቱ የተመለሰው ልጅ የላክሁት ልጅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ስጠራው አይሰማኝም፣ አጠገቡ ቆሜ እንኳን አይሰማኝም። ሊያንደር ጠርቶት ባይቆም፣ ድማሚቱን እንደያዘ ወደ ክትሩ መውጣቱን ቢቀጥል፣ እስከ ሐዲዱ ድረስ ያሉት ልጆች ሁሉ ከክትሩ ኋላ ባሉበት…

ይህን መስመር ልጨርሰው አልቻልኩም። አንቺም እናት ነሽ፣ አንቺ ጨርሺው። የጨረስሽበትን ለሊያንደር ንገሪው፣ እኔ እንዳልኩት አድርገሽ ንገሪው፣ በእሱ ላይ ቂም እንደማልይዝም ንገሪው።

የዶክተሩ መኪና መጣ። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ክተቺው፣ የቆርቆሮ ሣጥኑን ደግሞ እንደ ልማድሽ እንዳታስቀሪብኝ። አምላክ ልጆችሽን በደረቅ መሬት ያሳድርልሽ። የባልሽን ዓይን ከጨለማ፣ እጁን ከችኮላ ይጠብቅልኝ። ማርያም ትከተልሽ፤ ዘንድሮ የምትሰማ ከሆነ የለመንኳት ለእኛ ክትር አይደለም።

ታላቅ እህትሽ፣
የክርስትና ልጃችሁ እናት